ስለ ነፈራቡ የኑዛዜ ሐውልት

በሎንዶን ከተማ በብሪቲሽ ሙዚየም በ589 ቁጥር የተመዘገበው የኖራ ድንጋይ ሐውልት፣ ነፈራቡ የተባለ ግብፃዊ ፕታሕ ለሚባለው አምላክ ያቆመው ነው። ነፈራቡ የኖረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ አገሩም የነገሥታትን መቃብር የሚፈለፍሉና የሚያስጌጡ ሠራተኞች መንደር፣ ማለት የዛሬው ዴር ኤል መዲና ነበረ። በሐውልቱ አንደኛ ገጽ አምላኩ ከነ ጆሮዎች ተቀርጿል፤ ጆሮዎቹም ጸሎት ሰሚ መሆኑን ያመለክታሉ። በሁለተኛው ገጽ ሰውየው በፕታሕ ስም በሐሰት መማሉንና ስለዚህም በቀን ጨለማን እንዲያይ መደረጉን ይናዘዛል።

ከሊቃውንት አያሌዎቹ ይህን ቃል ይዘው ነፈራቡ ዐይኑ ታውሮ ነበር ብለዋል። ታሞ ሊሆን አይችልም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በዚሁ ድንጋይ ላይ ራሱን ከመንገድ ውሻ ጋራ ያስተካክላል፤ በቶሪኖ የግብፅ ሙዚየም በሚገኘው ሌላው ሐውልቱም በጡብ ላይ ተቀምጣ እንደምታምጥ ሴት ሆንሁ ይላል። የግብፅ ሴቶች በጡብ ላይ ሆነው ይወልዱ ነበርና። ውሻውንና ምጡን በምሳሌነት የተቀበለ አንባቢ፣ ጨለማውን ብቻ እንደ ሐኪም ማስረጃ የሚቆጥረው በምን ምክንያት ነው? ከአምላክ ፊት መራቅም ጨለማ ይባላልና።

ባቲስኮም ገን እ.ኤ.አ. በ1916 እነዚህን ጽሑፎች በአንድነት ተርጕሞ ሲያቀርብ «የድኾች ሃይማኖት» አላቸው። የትርጕም ሥራው ምስጋና ይገባዋል፤ ስያሜው ግን አያስኬድም። ነፈራቡ በመንደሩ አጠገብ በሥዕል ያጌጠ፣ በቴብስ መቃብሮች ዝርዝር 5ኛ ቍጥር የተሰጠው የራሱ መቃብር ነበረው። ድኻ እንዲህ ያለ መቃብር ከወዴት ያገኛል? ትሕትናው በአምላክ ፊት የቆመበት ሥርዐት እንጂ የኑሮው ልክ አይደለም።

ሁለቱን ሐውልቶች «የስለት ድንጋይ» ብሎ በአንድ ስም መጥራትም መለየት የሚገባውን ይሸፍናል። የቶሪኖው ለመርትሰገር፣ ማለት ለምዕራቡ ተራራ አምላክ የቆመ ነው፤ ከሕመሙ በኋላ ምሕረት ማግኘቱን ስለሚያወራ በእኛ ቋንቋ ስለት ቢባል ያስማማል። የሎንዶኑ ግን ስለ መዳን አንዳች ነገር አይናገርም። ፕታሕ የፈረደበት በእውነት መሆኑን ከመሰከረ በኋላ፣ በምሕረት ዐይን ይመለከተው ዘንድ እየለመነ ያበቃል።