ስለ ስስ ፕላስቲክ ስያሜዎች፤ በአንድ የማሸጊያ ቃላት ረቂቅ ላይ የቀረበ ሂስ

የማሸጊያ ዕቃዎችን ስያሜ የሚመለከት አንድ የቃላት ረቂቅ ለአስተያየት ደርሶናል። አዘጋጆቹ ለካርቶን፣ ለጠርሙስና ለቆርቆሮ ያቀረቧቸው ስያሜዎች በአመዛኙ የሚያስመሰግኑ ስለ ሆኑ በእነርሱ ላይ አንዘገይም። ሂሳችን የሚያተኩረው ለስስ የፕላስቲክ መጠቅለያዎች በተመደበው ክፍል ላይ ነው። በዚህ ክፍል የሚታዩት ስሕተቶች የቋንቋ ውበት ጉዳይ ብቻ አይደሉም፤ ቃሉን አምኖ ዕቃ የሚገዛ ሰው እህሉን ወይም ቡናውን ሊያጣ ይችላል።

ረቂቁ ከሕዝቡ አነጋገር መነሣቱ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የሕዝቡ ቃላት ዕቃውን የሚለዩት በመልኩና በአገልግሎቱ እንጂ በተሠራበት ነገር አይደለም። ላስቲክ ስንል ገንዘብ የሚታሰርበትን ጎማም፣ በጣሪያ ላይ የሚዘረጋውን ሰፊ ፕላስቲክም ማለታችን ነው። ፌስታል መያዣነቱን ይናገራል፤ ከምን እንደ ተሠራ ግን አይናገርም። ማዳበሪያ የሚለው ቃል ጉዞማ ከሁሉ ይልቅ ያስገርማል። የይዘቱ ስም ለመያዣው ተላልፎ ዛሬ ጤፉም ከሰሉም በ«ማዳበሪያ» ይጫናል፤ መያዣው ግን ከስስ ፖሊፕሮፒሊን ተሰንጥቆ፣ ተስቦና ተሸምኖ የተሠራ ነው። እነዚህ ቃላት ለገበያ በቂ ናቸው፤ ለሙያ መዝገበ ቃላት ግን አይበቁም። ረቂቁ ሴሎፎንን «ብሩህ ላስቲክ» ብሎ መተርጎሙ ለዚህ ማስረጃ ነው። ሴሎፎን ከእንጨት ሴሉሎስ የሚሠራ ሲሆን፣ ስዊሳዊው ዣክ ብራንደንበርገር የፈለሰፈው በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። ለኢንዱስትሪ የበቃው ፖሊኤቲሊን ግን በእንግሊዝ አገር የተገኘው በ1933 (እ.ኤ.አ.) ነው። ሽፋን ያልተቀባ ሴሎፎን አፈር ውስጥ ይበሰብሳል፤ ፖሊኤቲሊን አይበሰብስም። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት የማያዛምዳቸውን ማዛመድ ይሆናል።

ከዚህ የከፋው «ከፍተኛ ግፊት ፖሊኤቲሊን» እና «ከፍተኛ እፍግታ ፖሊኤቲሊን» የሚሉት ስያሜዎች አንድ ትርጉም እንዳላቸው ተደርገው ጎን ለጎን መስፈራቸው ነው። እውነቱ የዚህ ተቃራኒ ነው። በከፍተኛ ግፊት የሚሠራው ሞለኪውሎቹ ቅርንጫፍ ስለሚያበዙ ተጠጋግተው ሊደረደሩ አይችሉም፤ ስለሆነም እፍግታው ዝቅ ይላል፤ በአንድ ሳንቲ ሜትር ኩብ 0.92 ግራም አካባቢ ነው። ለስላሳውና ተለጣጩ ላስቲክ ይህ ነው። ካርል ዚግለር በ1953 (እ.ኤ.አ.) ባገኘው ካታሊስት አማካይነት በዝቅተኛ ግፊት የተሠራው ደግሞ እፍግታው ወደ 0.95 ይደርሳል፤ ሲጨብጡት የሚንኮሻኮሸው ስስ ፌስታል የሚሠራው ከዚህኛው ነው። የስሕተቱን ምንጭ መገመት አያዳግትም። የሩስያ መጻሕፍት ፕላስቲኩን በግፊቱ ሲሰይሙት፣ የእንግሊዝኛዎቹ በእፍግታው ይሰይሙታል፤ አገራችንም በሁለቱም ቋንቋዎች የተማሩ ባለ ሙያዎች አሏት። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ «ከፍተኛ» የሚለውን ቃል ብቻ አይተው እንደ ተስማሙ እንገምታለን! እኛ በእፍግታ መሰየሙን እንመርጣለን፤ ዕቃውን የሚገዛ ሰው እፍግታውን ሊለካ ይችላል፤ የፋብሪካውን ግፊት ግን ሊያይ አይችልም።

ዋናው ክርክራችን «አየር የማያስገባ» እና «ውሃ የማያስገባ» በሚሉት ላይ ነው። በአማርኛ አሉታ ፍጹም ነው፤ የማያስገባ ከተባለ ምንም አያስገባም ማለት ነው። የስስ ፕላስቲክ ጠባይ ግን የመጠን ጉዳይ ነው። ፖሊኤቲሊን የውሃን ተን በሚገባ ይገታል፤ ኦክሲጅንን ግን በቀላሉ ያሳልፋል። ናይለን በተቃራኒው ኦክሲጅንን ሲገታ በውሃ ተን ፊት ይላላል። ስለሆነም የተቆላ ቡና የሚያሽግ ሰው ረቂቁን አምኖ ተራ የፖሊኤቲሊን ከረጢት ቢገዛ፣ ቡናው ሳይረጥብ ጣዕሙን ያጣል። ለዚህ ሥራ ፖሊኤስተር፣ አሉሚኒየምና ፖሊኤቲሊን ተደራርበው የሚሠሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተዘጋጀውና በአገራችንም ገበሬዎች እህል የሚያከማቹበት ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ከውስጥ ሁለት የፖሊኤቲሊን ሽፋኖች አሉት፤ ነቀዝንም ያጠፋል። ታዲያ «አየር የማያስገባ» ቢባል ምን ነውር አለው? መልሱ ሽፋኖቹ ከፍተኛ እፍግታ ካለው ፖሊኤቲሊን መሠራታቸውና እያንዳንዳቸው 80 ማይክሮን መወፈራቸው ነው። ኦክሲጅን ጥቂት በጥቂት ይገባል፤ ነቀዙ ግን ከሚገባው አብልጦ ስለሚተነፍስ ይታፈናል። አንዱ ፕላስቲክ ለእህሉ ሲበቃ ለቡናው አለመብቃቱን ሊያስረዳ የሚችለው የመጠን ስያሜ ብቻ ነው። ስለዚህ «የኦክሲጅን አሳላፊነት» እና «የውሃ ተን አሳላፊነት» የሚሉትን እናቀርባለን። አሳላፊ የሚለው ቃል የሰርግ ቤቱን አስተናጋጅ ያስታውሳል ተብሎ ሊሣቅብን ይችል ይሆናል። ሆኖም እርሱም ወጡን ለአንዱ አብዝቶ ለሌላው ቀንሶ የሚያሳልፍ ስለ ሆነ ምሳሌነቱ አልከፋንም።

በመጨረሻ ማይክሮን «የሚሊ ሜትር መቶኛ» ተብሎ የተፈታው በአስቸኳይ «ሺኛ» ተብሎ ይታረም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ለፕላስቲክ ከረጢት የውፍረት ወሰን ያደረገው 0.03 ሚሊ ሜትርን ነበር፤ ይህም 30 ማይክሮን ነው። በረቂቁ አፈታት ከሄድን ግን 3 ማይክሮን ይሆናል። የገበሬው ከረጢት ሽፋንም ከ0.08 ወደ 0.8 ሚሊ ሜትር ወፍሮ እንደ ሰሌዳ ይገተራል። «የሚበጣጠስ» እና «የሚበሰብስ» የሚሉትም በአንድ ተራ ተጽፈዋል፤ ይነጣጠሉ። ተበጣጥሶ ደቅቆ በአፈር ውስጥ የሚቀር ፕላስቲክ አልበሰበሰም።