የሆስፒታል ሶሻል ወርከርና የደመወዟ ምንጭ

የሆስፒታል ሶሻል ወርከር ሥራ ሐኪሙ ያዘዘውን ሕክምና ከበሽተኛው ኑሮ ጋር ማገናኘት ነው። እግሩ የተሰበረ ሰው ቤቱ ፎቅ ላይ ከሆነ እንዴት ይወጣል? ኢንሱሊን የታዘዘለት ሰው ማስቀመጫ ፍሪጅ አለው? እናት ስትተኛ ልጆቿ ማን ጋ ይቆያሉ? ይህ ካልታሰበበት በደንብ የታከመ ሰው እንኳ ሳምንት ሳይሞላው ሊመለስ ይችላል። የሙያው ታሪክ እንደሚያሳየው፣ ሥራው ምን መልክ እንደሚይዝ በብዛት የሚወስነው ደመወዙን የሚከፍለው ወገን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1895 ሜሪ ስቱዋርት በለንደን ሮያል ፍሪ ሆስፒታል የመጀመሪያዋ አልሞነር (የሆስፒታል ሶሻል ወርከር የያኔ መጠሪያ) ሆና ስትቀጠር፣ መጀመሪያ የከፈላት ቻሪቲ ኦርጋናይዜሽን ሶሳይቲ የተባለ ማኅበር ነበር። ማኅበሩን ያሳሰበው መክፈል የሚችሉ ሰዎች በነፃ መታከማቸው ስለሆነ፣ ዋና ተግባሯ የታካሚዎችን አቅም ማጣራት ሆነ። ችግሩን ሊያዋይ የመጣ ሰው በቅድሚያ ስለ ገቢው ይጠየቃል፤ እንዲህ ባለ አጀማመር መተማመን መፍጠር ከባድ ነው። በ1948 የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሕክምናን ነፃ ሲያደርግ አቅም የማጣራቱ ሸክም ከአልሞነሮች ወረደ።

በቦስተን ግን ነገሩ የተነሣው ከሐኪም ጭንቀት ነው። ዶክተር ሪቻርድ ካቦት በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የተመላላሽ ክፍል ሲሠሩ፣ ዕረፍትና ጥሩ ምግብ የሚያዙላቸው ድሆች ሁለቱንም የሚያገኙበት መንገድ እንደሌላቸው ተረዱ። በ1905 ጋርኔት ፔልተን የተባለች ነርስ ቀጠሩ። እሷ ብዙም ሳትቆይ ስትታመም አይዳ ካነን ተተካች፤ የሶሻል ወርክ ክፍሉንም እስከ 1945 መራች። ሆስፒታሉ ክፍሉን የራሱ አድርጎ የተረከበው በ1919 ነው። እስከዚያ ድረስ ሥራው የቆመው በካቦትና በለጋሾች ገንዘብ ነበር።

በአሜሪካ ከ1983 ጀምሮ ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን ለተኝቶ ታካሚ የሚከፍለው በበሽታው ዓይነት አስቀድሞ በተተመነ ሒሳብ ሆነ። ሶሻል ወርከሯ ለብቻው የሚጠየቅ ሒሳብ የላትም፤ ደመወዟ በዚያው ጥቅል ውስጥ ነው። አንድ ተጨማሪ የአልጋ ቀን ለሆስፒታሉ ወጪ በመሆኑ፣ በሽተኛውን ቶሎ አዘጋጅታ መሸኘቷ ከሌላው ሥራዋ ሁሉ ጎልቶ ይታያል።

ይህ ጥድፊያ የሚጎዳው የሙያውን እምብርት ነው። በመጀመሪያው ቀን «ቤት ሰው አለ?» ተብሎ የተጠየቀ በሽተኛ ብዙ ጊዜ «አለ» ይላል፤ ብቸኝነትንም ሆነ ማጣትን ለማያውቁት ሰው መናገር ያሳፍራል። እውነቱ የሚወጣው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ጉብኝት፣ አስታማሚው ወጣ ሲል ነው። ስለዚህ ለክፍሉ በጀት ሲያዝ በአልጋ ብዛት ብቻ ማስላት አይበቃም። ባለሙያዋ በሽተኛውን ከገባበት ቀን ጀምሮ የምታውቅበት፣ ነገ ተመልሳ አልጋው አጠገብ የምትቀመጥበት ጊዜም በስሌቱ መግባት አለበት።