«የመውጫ ጊዜ የለውም»፦ ስለ አንድ የዶሮ መድኃኒት መመሪያ ትርጉም

ለጓሮ ዶሮ የሚሰጠውን የትል መድኃኒት አሰጣጥ የሚያስረዳ አንድ ባለ አራት ገጽ የመመሪያ ወረቀት በቅርቡ ከእጄ ገብቶ ነበር። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ ነው። አሳታሚውንም ተርጓሚውንም ለመጥቀስ አልሻም፤ ስሕተቱ የሙያ ቃላትን አቻ ስንፈልግ ብዙዎቻችን የምንወድቅበት ነውና። በቋንቋው ሻካራነትም አልነቅፈውም። «ቆጥ»፥ «ኩስ»፥ «ቄብ»፥ «አውራ» የሚሉት ቃላት በየተገቢው ቦታቸው ገብተዋል፤ «የአዕዋፍ ዓይነ ምድር» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ በማይጠፋበት ጊዜ «ኩስ» ብሎ መጻፍ ራሱ ምስጋና ይገባዋል። ችግሩ የሚጀምረው አነጋገሩ ከጓሮ ወጥቶ ወደ መድኃኒት ቤት ሲገባ ነው።

አስቀድመን አርእስቱን እንመልከት፤ «ዶሮዎችዎን ከትል ይጠብቁ» ይላል። «ትል» በአማርኛ ሰፊ ስም ነው፤ በሥጋ ላይ የሚፈላውን፥ ቅጠል የሚበላውን፥ በአፈር ውስጥ የሚኖረውንና በሆድ የሚቀመጠውን ሁሉ ያጠቃልላል። ዶሮ ደግሞ ጭራ ትል የምትለቅም ፍጥረት ናት። ስለዚህ አርእስቱን ያነበበች አርቢ ዶሮዎቿ ትል እንዳይለቅሙ እንድትከለክል የተመከረች ሊመስላት ይችላል። «የሆድ ትል» ቢባል ኖሮ በአንድ ቃል ጭማሪ ነገሩ ባበቃ ነበር።

ዓይነቶቹ በተዘረዘሩበት ክፍል በዶሮ ቀጭን አንጀት ውስጥ የሚኖረው አስካሪዲያ ጋሊ «ድቡልቡል ትል» ተብሏል። ተርጓሚው የምንጩን ቃል ቅርጽ ተከትሏል፤ ነገር ግን ድቡልቡል ሲባል አማርኛ ተናጋሪ የሚታየው ኳስ ወይም የጭቃ እንክብል እንጂ ከጣት የሚረዝም ነጭ ክር መሰል ነገር አይደለም። ሕዝቡ ለሰው ሆድ «ወስፋት» የሚል የታወቀ ስም አለው። «ወስፋቴ ጮኸ»፥ «ወስፋቴን ዘጋው» በሚሉት ፈሊጦች ቃሉ ረኀብንና የምግብ ፍላጎትን ስለሚያመለክት አሻሚ ይሆናል የሚል ተቃውሞ ሰምቻለሁ። እኔ ግን አልቀበለውም፤ «የዶሮ ወስፋት» ተብሎ ከኩስና ከመድኃኒት ጋር ሲነገር ስለ ምግብ ፍላጎት የሚያስብ አንባቢ አይገኝም።

«ኮሶ» ግን ከዚህ ይለያል። በአንድ ስም ዛፉንም፥ ከዛፉ አበባ የሚጠጣውን መድኃኒትም፥ መድኃኒቱ የሚያስለቅቀውን ትልም እንጠራበታለን። በሰው ሆድ የሚገኘው ኮሶ በብዛት የሚመጣው ከጥሬ የከብት ሥጋ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የዶሮው ጠፍጣፋ ትል ሌላ ነው፤ ዶሮዋ የሚይዛት ጉንዳንን፥ ጥንዚዛንና የመሳሰሉትን በመልቀም ነው፤ ከዶሮ ሥጋም ወደ በላተኛው አይተላለፍም። መመሪያው «ኮሶ ያለባት ዶሮ» ሲል አርቢዋ ዶሮዋን አርዳ ለልጆቿ ለማብላት ብትፈራ አይፈረድባትም። እዚህ ላይ «ጠፍጣፋ ትል» የሚለው የትምህርት ቤት ስያሜ ይሻላል። ኮክሲዲያ ከትሎች ተርታ መቆጠሩን በሁለት ቃል አልፋለሁ፦ ትል አይደለም። ባለ አንድ ሕዋስ ነው፤ የትል መድኃኒትም አይነካውም።

መጠኑን የሚመለከተው ዐረፍተ ነገር «1 ሚ.ግ. በኪሎ ለ5 ቀን» የሚል ነው። የምን ኪሎ? በመጠጥ ውኃ የሚሰጠው ፌንቤንዳዞል የሚለካው በዶሮዋ የቁም ክብደት ነው። አንዲት የሐበሻ ዶሮ አንድ ኪሎ ተኩል ትመዝናለች ብንል 10 ዶሮዎች 15 ኪሎ ይሆናሉ፤ የቀኑ መጠንም 15 ሚሊ ግራም ነው። ኪሎ ሲባል እህል የሚታወሳት አርቢ ግን ዶሮዎቹ በቀን አንድ ኪሎ ያህል መኖ ይበላሉ ብላ 1 ሚሊ ግራም ትሰጣለች። ይህ ከሚገባው ዐሥራ አምስተኛ እጅ ነው፤ ወስፋቱን አይገድልም፤ መድኃኒቱን እንዲለምድ ግን ያግዘዋል። «የቁም ክብደት» የሚለው አነጋገር ከብት ነጋዴ ሁሉ የሚያውቀው ነበር፤ ለምን እንደ ተተወ አይገባኝም።

ይህን ሂስ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን «የመውጫ ጊዜ» የሚለው ነው። በእንግሊዝኛው «ዊዝድሮዋል ፒርየድ» የሚባለው ፅንሰ ሐሳብ መድኃኒት የተሰጠው እንስሳ ሥጋ ወይም እንቁላል ለሰው ምግብ የማይውልበትን ጊዜ ያመለክታል። ተርጓሚው ከቃሉ ፍችዎች አንዱን፥ ማለትም መውጣትን፥ ወስዶ ከመድኃኒቱ ጋር አያያዘው። ውጤቱ ይህ ነው። በአውሮፓ ኅብረት የተፈቀደው በውኃ የሚሰጥ ፌንቤንዳዞል ለእንቁላል የተወሰነለት ጊዜ ዜሮ ቀን ነው፤ እንቁላሉ በዚያው ቀን ይበላል ማለት ነው። መመሪያው ይህን «የመውጫ ጊዜ፦ የለውም» ብሎ ጽፎታል። ይህን ያነበበ ሰው መድኃኒቱ ከዶሮዋ ሰውነት ከቶ አይወጣም ብሎ ቢረዳ አማርኛው ያስገድደዋል። ስለ ፓይፐራዚን ደግሞ «የመውጫ ጊዜ 14 ቀን» ይላል። በአሜሪካ የመድኃኒቱ መግለጫ ላይ 14 ቀን የተባለው ለዕርድ ነው፤ እንቁላላቸው ለሰው ምግብ ለሚውል ዶሮዎች ግን ጭራሽ እንዳይሰጥ ያዛል። እንግዲህ ንጹሑን እንቁላል የሚያስጥል፥ የተከለከለውን የሚያስበላ ትርጉም ሆነ።

አስኳል ዋነኛ ዕድገቱን የሚያገኘው እንቁላሉ ከመጣሉ በፊት ባሉት ዐሥር ያህል ቀናት ነው። በደም ውስጥ ያለ መድኃኒት በዚያ ጊዜ ከአስኳሉ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ስያሜው መግለጽ ያለበት የመድኃኒቱን ጉዞ ሳይሆን የሰውየውን ግዴታ ነው። እኔ «የመታቀቢያ ጊዜ» እንዲባል አሳስባለሁ። ሥሩ የግእዙ «ዐቀበ»፥ ጠበቀ፥ ነው፤ «ድምፀ ተዓቅቦ» ከሚለውም አንባቢው ያውቀዋል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «የእንቁላል ጾም» ብንለውስ ብሎኝ ነበር። ያስቃል፤ ያምራልም። ነገር ግን ጾመኛ እንቁላሉን ለገበያ ከማውጣት አይከለከልም፤ እኛ የምንፈልገው እንዳይሸጥም ጭምር ነው። የትኛውም ስያሜ ይመረጥ፥ «ከእንቁላል» ወይም «ከሥጋ» ሳይባል ብቻውን መቆም የለበትም።

ከከሣቴ ብርሃን ተሰማ የ1951 ዓ.ም. እና ከደስታ ተክለ ወልድ የ1962 ዓ.ም. መዝገበ ቃላት ይህን መሰሉን የሙያ ስያሜ መጠበቅ አይገባም፤ ለዚያ አልተዘጋጁም። የሚከተለው ግን መዝገበ ቃላት የማያስፈልገው ነው። ስለ ፓይፐራዚን በሚናገረው ክፍል መጨረሻ «በእነዚህ ቀናት የሚጣል እንቁላል ለብቻው ይቀመጥ» ተብሏል። ዶሮ እንቁላል ትጥላለች፤ ሰውም የተበላሸ እንቁላል ይጥላል። ዶሮዋ የጣለችው ነው ወይስ እኛ የምንጥለው? ምንጩን አግኝቼ ባየው ሁለተኛው ነው፤ ይኸውም እስኪቀበር ድረስ ለብቻው ይቀመጥ ማለቱ ነበር። «ዶሮዎቹ የጣሉትን እንቁላል ቅበሩ» ቢባል ጥርጣሬ ባልኖረ።

ስለ ፌንቤንዳዞል የሚናገረውን ክፍል እንደገና ጽፌ፥ «ከእንቁላል መታቀብ አያስፈልግም፤ ከሥጋ 6 ቀን ይታቀቡ» ብዬ፥ ዶሮ ለምታረባ ጎረቤቴ አነበብኩላት። «መታቀብ» የሚለውን ያለ አስረጂ ተረድታዋለች። ጥቂት አሰብ አድርጋ ግን፥ «ጋሼ፥ ስድስቱ ቀን የሚቆጠረው ማጠጣት ከጀመርኩበት ነው ወይስ ከጨረስኩበት?» አለችኝ። «መድኃኒቱን ሰጥተው ከጨረሱበት ቀን በኋላ» የሚለውን ጨመርኩበት።