ውስጡ የሚታይ ስፌት

መሶብ ስንሰፋ የምንጨነቀው ለውጭው ነው። ሐረጉ፣ አለላው፣ የጠርዙ አጨራረስ ሁሉ ለእንግዳ ዓይን ነው፤ ውስጡን እንጀራ ይሸፍነዋል። የራስጌ መብራት ቆብ መስፋት ከጀመርኩ ወዲህ ግን ዋናው ሥራ ውስጡ ሆነ።

አምፖሉ ሲበራ ሳይከረከም የቀረ አንድ የስንደዶ ጫፍ ጥላውን ግድግዳ ላይ ይጥላል። ስለዚህ ወደ ውስጥ የሾለከውን ጫፍ ሁሉ በምላጭ እከረክማለሁ፤ ከዚያ መዳፌን ከላይ እስከ ታች አሳልፌ እዳብሰዋለሁ። የሚወጋ ካለ ሥራው ገና ነው። ገበያ ላይ ይህን የሚያይልኝ ሰው የለም፤ ገዢው ግን ማታ ቤቱ ሲያበራው ያየዋል።

ይህን ጉዳይ ዕድሜውን ሙሉ ያሰበበት ዴንማርካዊው ፖል ሄኒንግሰን ነው። በ1894 እ.ኤ.አ. ተወልዶ በነጭ ጋዝ ፋኖስ ብርሃን ያደገ ሰው ነበርና ኤሌክትሪክ ሲመጣ አምፖሉ ዓይን መውጋቱ አልዋጥልህ አለው። በ1925 በፓሪሱ ኤግዚቢሽን ሥራውን አቀረበ፤ ወዲያው በቀጣዩ ዓመት ሦስት ቆብ ያለውን መብራት አወጣ። ሦስቱ ቆቦች አምፖሉን ከዓይን ይጋርዱታል፤ ብርሃኑ ግን ከአንዱ ቆብ ወደ ሌላው እየነጠረ ለስልሶ ይወርዳል። የመስታወት ቆቦቹ የታችኛው ገጽ እንዳያብለጨልጭ ሆን ተብሎ ደብዝዟል። እሱም ውስጡን ነበር የሚሠራው።

የእኛ ቤት ግን የኮፐንሃገን ሳሎን አይደለም። እዚህ በርጩማ ላይ ወይም መደብ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ዝቅ ይላል፤ ጠረጴዛ ላይ ያለውን መብራት ከሥር ያየዋል። ቡና የምታቀርበዋ ደግሞ ቆማ ከላይ ታየዋለች። ከውጭ የመጣው መብራት ሶፋ ላይ ለሚቀመጥ ሰው የተለካ ስለሆነ አንዳቸውን መውጋቱ አይቀርም። ስለዚህ ቆቡን ጥልቅ አደርገዋለሁ፤ የአምፖሉ ጫፍ ከጠርዙ አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ይገባል። ከላይ ሙቀት የሚወጣበት ቀዳዳ ትቼ፣ ከቀዳዳው ትንሽ ከፍ አድርጌ ሌላ ትንሽ ክዳን እደፋበታለሁ።

የድሮው 60 ዋት አምፖል ቢሆን ሣሩን ያጠቁረው ነበር። አሁን 7 ዋት ኤልኢዲ ለዚያ የሚቀርብ ብርሃን ይሰጣል፤ ሙቀቱም ጥቂት ነው። ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ግን ማየት ያስፈልጋል፤ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን የሚለውን እመርጣለሁ። 6500 የሚለው ነጭ አምፖል የስንደዶውን ወርቃማ መልክ አመድ ያስመስለዋል፤ የሰውም ፊት የታመመ ይመስላል። በዚህ ከደንበኛ ጋር መከራከር አይሰለቸኝም።

ስለ ቀለም ብዙ አስቤአለሁ። ውስጡ ሁሉ ቀይ አለላ ከሆነ ብርሃኑ ይቀላል፤ መጽሐፍም አያስነብብም። ሄኒንግሰን በ1958 ባወጣው ተንጠልጣይ መብራት ውስጥ ቀይና ሰማያዊ ቀለም በጥቂቱ ነው ያስገባው። እኔም ከአምፖሉ አጠገብ አንድ ዙር ቀይ ብቻ አስገብቼ የቀረውን በሣሩ የተፈጥሮ መልክ እተወዋለሁ። ብርሃኑ ሞቅ ይላል፤ ፊደል ግን አያደበዝዝም።

እግሩን ከወይራ አስጠርባለሁ። ቆቡ ሰፊ ነውና እግሩ ከቀለለ ሕፃን ገመዱን ሲስብ ይገለበጣል። ገመዱንም ከእግሩ ሥር ውስጥ ለውስጥ አሳልፌ እቋጥረዋለሁ፤ ቢጎተት ቋጠሮው እንጂ አምፖሉ ጋ ያለው ሽቦ አይሳብም።