«ስውር ፍንጭ» ሰምና ወርቅ ነውን?

ስለ እንግሊዞች የመስቀለኛ ቃላት ጨዋታ የተጻፈ ነገር ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ በጨዋታው ውስጥ መልሱን በቃላት ጥበብ የሚሰውረውን ፍንጭ «ሰምና ወርቅ» ብሎ መሰየም ለተርጓሚው ቅርብ መንገድ ነው። በእኛ አስተያየት ግን ይህ ስያሜ ሁለቱንም ጥበባት ይበድላል።

ፍንጩ የራሱ ሥርዓት አለው። ኤድዋርድ ፖዊስ ማዘርስ «ቶርኬማዳ» በሚል የብዕር ስም ከ1926 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኦብዘርቨር ጋዜጣ አስፋፋው፤ እሱን የተካው ዴሪክ ማክነት ደግሞ «ዚሜኔስ» እየተባለ ደንቡን አጠበቀ፤ በ1966ም በመጽሐፍ አወጣው። በደንቡ መሠረት ፍንጩ የሚይዘው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የመልሱን ፍችና መልሱ ከምን ከምን እንደተገነባ የሚጠቁመውን የቃል ሥራ ነው።

በአማርኛ ብንሞክረው፦ «ከመዝጊያው ቀጥሎ አራሹ የቆመበት ቅመም» (አራት ፊደል)። ፍቹ «ቅመም» ነው፤ መዝጊያው «በር»፣ አራሹ «በሬ» ነው፤ ሁለቱ ሲጋጠሙ «በርበሬ» ይሆናሉ። መልሱ ከተገኘ በኋላ በሩም በሬውም ይጣላሉ፤ ከቅመሙ ጋር አንዳች ዝምድና የላቸውምና።

አሁን «የምንጠብቀው በዓል ገና ነው» የሚለውን እንመልከት። «ገና» ሲላላ በዓሉ አልደረሰም ማለት ነው፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። እዚህ ላይ ኅብረ ቃሉ በግልጽ ተነግሯል፤ ከእሱም ሁለት ትርጉም ይወጣል። በፍንጩ ግን ቃሉ አልተነገረም፤ ሁለት መንገድ ወደ እሱ ይመራል። በቅኔም ሰሙ ወርቁ ከተገኘ በኋላ አይጣልም፤ ወርቁ የሚደምቀው ከሰሙ ጋር ሲነጻጸር ነው። እንግዲህ አካሄዳቸው ተቃራኒ ነው።

ሆኖም የሚጋሩት ነገር አለ፤ ሁለቱም በጽሕፈት ዝምታ ይጠቀማሉ። እንግሊዝኛው «ፍላወር» አበባ ነው፤ ያንኑ ጽሕፈት «ፍሎወር» ብሎ ያነበበ ግን «የሚፈስ» የሚል ትርጉም ያገኛል፤ ስለዚህ የፍንጭ ደራሲዎች ወንዝን ይሰውሩበታል። ፊደላችን ጥብቀትን ባለማሳየቱ «ገና»ም እንዲሁ ያደርጋል።

ሁሉም ስልት ግን አይሻገርም። በእንግሊዝኛ «ሊስን» (አዳምጥ) እና «ሳይለንት» (ዝምተኛ) የሚባሉት ቃላት በስድስት ተመሳሳይ ፊደላት ይጻፋሉ፤ በእኛ ጽሕፈት ይህ ጨርሶ አይታይም። የእኛ ፊደል ተናባቢውን ከአናባቢው ጋር ስለሚይዝ፣ «ሰላም»ን ገልብጦ «መላስ» ማግኘት አይቻልም፤ ተናባቢዎቹ አንድ ቢሆኑም ፊደላቱ ይለያያሉ።

ጉዳዩ የጨዋታ ብቻ አይደለም። ጥብቀትን የማያሳይ መዝገበ ቃላት ቅኔን ለሚፈታም ሆነ ለሚተረጉም ግማሽ መሣሪያ ነው። ሌስላው በ1976፣ ኬን በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሟቸው የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ጥብቀቱን በላቲን ፊደል አሳይተዋል፤ በራሳችን ፊደል ለሚዘጋጅ መዝገብ ይህ ሊቀር የሚገባው አይደለም።

ስለዚህ «ሰምና ወርቅ» ለቅኔ ይቆይ፤ ለጨዋታው «ስውር ፍንጭ»፣ ለክፍሎቹም «ፍች»፣ «የቃል ሥራ» እና «ላይኛ ንባብ» የሚሉት ስያሜዎች ይበቃሉ እንላለን። ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም መጥራት ለተርጓሚው ያቀልለታል፤ ለአንባቢው ግን ልዩነቱን ይሰውርበታል።