ጋቢ በማጉ ይመዘናል

ጋቢ ሊገዙ ገበያ የሚወጡ ሰዎች ዓይናቸው ቶሎ የሚያርፈው ጥለቱ ላይ ነው። ቀለሙ ደመቅ ካለና ጨርቁ ከነጣ ዋጋ ይጠየቃል፣ ይቆረጣል፣ ይታሰራል። ጥለት ግን ብርድ አይመልስም፤ የአዲስ ጨርቅ ንጣትም ጥቂት ጊዜ ታጥቦ ይደበዝዛል። ጋቢ የሚመዘነው በማጉ፣ ማለትም በድሩ መካከል በአግድም በሚገባው ክር ነው። ማጉ ደህና ከሆነ አብዛኛው ሌላ ጉድለት ይቻላል። ማጉ ከተበላሸ ግን እጁ የተባረከ ሸማኔም ቢሆን ጋቢውን አያድነውም።

ይህን ለማየት ለሚፈልግ ሰው በአማራ ክልል ያለው የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ጥሩ ቦታ ነው። ሰንበቴ እሑድ ይቆማል፣ ባቲ ሰኞ። በሁለቱ ገበያዎች ደገኛና ቆለኛ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ ይገናኛሉ። አርጎባዎች ከጥንት ጀምሮ በሽመናና በንግድ የታወቁ ናቸው፤ በተራራ ላይ ተደራርበው የተሠሩ የድንጋይ ቤቶች ያሏት ሾንኬም በዚሁ ዞን ውስጥ ናት። የዞኑ መቀመጫ ከሚሴ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ቀኑ የሚሞቅባት ከተማ ናት። ከጥቅምት ወዲህ ግን ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ሽርጥ ለብሶ የዋለውም ሰው ማታ ጋቢውን ይደርባል። በየሱቁ ከውጭ የመጣ፣ ጠጉሩ ለስላሳና ዋጋው ርካሽ የሆነ ብርድ ልብስ ሞልቷል። ለአባት፣ ለሽማግሌ ወይም ለአማች የሚሰጠው ግን አሁንም ጋቢ ነው። ስለዚህ መምረጥን ማወቅ ያስፈልጋል።

ከክሩ እንጀምር። ዛሬ የአብዛኛው ጋቢ ድር የፋብሪካ ክር ነው፤ ይህ ነውር አይደለም። ድር ተወጥሮ የሚውል፣ በእያንዳንዱ ምት የሚፋተግ ስለሆነ ጠንካራና እኩል ክር ይፈልጋል። የፋብሪካ ክር ለዚህ ምቹ ነው። ሙቀቱን የሚሰጠው ግን ማጉ ነው፤ እሱ የእጅ ፈትል መሆን አለበት። በእንዝርት የተፈተለ ማግ ላላ ብሎ የተጠመዘዘ፣ በውስጡ አየር የያዘ ክር ነው። ሰውነትን የሚያሞቀው ያ የታሰረ አየር ነው። ድሩም ማጉም የፋብሪካ ክር የሆነ ጋቢ ለዓይን ያምራል፣ ለእጅም ይቀላል፤ ለሌሊት ግን አይሆንም።

እንዴት ይለያል? ከቋጨራው በኩል ሳይሆን ከጎን ጠርዙ አጠገብ ማጉን በጥፍር ሳብ አድርጋችሁ እዩት። የእጅ ፈትል አንድ ቦታ ወፈር፣ አንድ ቦታ ቀጠን ይላል። ልዩነቱ ለስለስ ያለ፣ ቀስ እያለ የሚመጣ መሆን አለበት። ድንገት የሚያብጥና የሚሰልል ክር የችኮላ ፈትል ነው። ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ ጥጡ በደንብ አልተዳመጠም፤ የፍሬው ስብርባሪ ከክሩ ጋር አብሮ ተፈትሏል። ትናንሽ እንክብል ጓጎላዎች ከበዙ ደግሞ ጥጡ ሳይነደፍ ወይም በወጉ ባዘቶ ሳይሆን ወደ እንዝርት ሄዷል ማለት ነው። እነዚህ ጥፋቶች ከሸማኔው ጉድጓድ በፊት የተሠሩ ናቸው፤ ተጠያቂው ሸማኔው አይደለም።

ቁራጭ ክር ካገኛችሁ ሁለቱን ጫፎች ይዛችሁ አቀራርቧቸው። ክሩ በራሱ ላይ ተጠማዞ እንደ ገመድ ከተቆላለፈ ከመጠን በላይ ተከርሯል፤ ጋቢው ይሻክራል። ቀስ ብላችሁ ስትስቡት ያለ ትግል ተንሸራቶ ከተለያየ ደግሞ ክርክሩ አንሷል፤ በመጀመሪያው ዓመት ገጹ ይሟጨጫል። ደህናው ጥቂት ይታገልና ሲበጠስ ጫፉ ላይ ለስላሳ የጥጥ ጭረት ያሳያል። ጥጥ መሆኑ ካጠራጠራችሁ ክሩን በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት እየነደደ፣ የወረቀት ሽታ እየሸተተ፣ የሚበን አመድ ይተዋል። ሰው ሠራሽ ክር ይቀልጣል፣ ጫፉም ላይ ደረቅ ዶቃ ይሠራል።

ወደ ሽመናው ስንመጣ ጋቢ አንድ ወጥ ጨርቅ አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል። ሸማኔው መወርወሪያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ስለሚያሳልፍ የጨርቁ ወርድ በክንዱ ልክ ይወሰናል። ስለዚህ ረጅም አድርጎ ይሸምንና አራት ቦታ ይቆርጠዋል። ሁለቱ ቁራጮች ጎን ለጎን ተሰፍተው አንድ ገጽ፣ ሁለቱ ሌላ ገጽ ይሆናሉ፤ ከዚያ ይደረባሉ። ነጋዴው አጥፎ የሚያሳያችሁ አንዱን ገጽ ነው። እናንተ ግን አራቱንም እዩ። በተለይ መጨረሻ የተሸመነው ቁራጭ ላይ ብዙ ነገር ይገለጣል። ማግ ሲያልቅበት ሸማኔው ያለውን ለማብቃቃት ምቱን ያሳሳል ወይም ከሌላ ፈታይ የመጣ ክር ያስገባል። በአዲስነቱ ልዩነቱ ላይታይ ይችላል፤ ሲታጠብ ግን አንዱ ቁራጭ ከሌላው ይበልጥ ይሰበሰባል፣ ስፌቱም ይጨማደዳል። ሁለቱን ገጾች ለያይታችሁ አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ አንሷቸው። ብርሃኑ በሁሉም ላይ እኩል ከፈሰሰ ሸማኔው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል መትቷል። በአግድም የሚታይ ሳሳ ያለ መስመር የምት ስህተት ነው፤ በቁመት የሚሄድ ክፍተት ግን ድር ተበጥሶ ሳይቀጠል መቅረቱን ያሳያል። የመጀመሪያውን ይቅር እላለሁ። ሁለተኛውን አልገዛም፤ እያደር ይሰፋልና። ቀጥሎ ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ በአውራ ጣት ጥፍር ማጉን ግፉት። ክሮቹ ተንሸራተው መንገድ ከከፈቱ ሽመናው ልል ነው።

ስፌቱ በሚገርም ሁኔታ ይዘነጋል። የመካከሉ ስፌት ጠርዝ ከጠርዝ ጋር ጠፍጣፋ ሆኖ መጋጠም አለበት። እጅ ሲያልፍበት ጉብ የሚል ከሆነ ተኝቶ የሚለብስ ሰው ይቆረቁረዋል።

ማዘዝ የሚችል ሰው ከመግዛት ማዘዝ ይሻለዋል። እዚህ ላይ ጥበቡ ያለው በዕቅዱ ነው። ማጉ በሙሉ ድሩ ሳይደራ በፊት ተፈትሎ ያልቅ፤ በተቻለ መጠን የአንዲት ፈታይ እጅ ይሁን። ስንት ልቃቂት እንደሚበቃ በግምት ከመናገር መመዘን ይበልጣል። ሸማኔው የመጀመሪያዋን አንድ ክንድ ከመሸመኑ በፊት ማጉ ይመዘን፣ ከሸመነም በኋላ ይመዘን። ልዩነቱ የአንድ ክንድ ፍጆታ ነው። አንዱ ቁራጭ 5 ክንድ ከሆነ አራቱ 20 ክንድ ይሆናሉ፤ ጥጥ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ለእያንዳንዱ ግማሽ ክንድ ጨምራችሁ በ22 አባዙት። ከጎደለ ገና በመጀመሪያው ቀን ይታወቃል፤ ፈታይዋም ጊዜ ታገኛለች። ለማን እንደሆነም ለሸማኔው ንገሩት። ለአዛውንት ቀለል ያለ ይሻላል፤ ቡሉኮ የሚያህል ውፍረት ትከሻ ያደክማል። ለመኝታ ከሆነ ግን ወፍራም ማግ ይዛችሁ ሂዱ።

ከመንዝ በኩል ስለሚመጣው የሱፍ ባናና ዝተት ብዙ አልልም፤ መመዘኛው ሌላ ነው፣ ደጋውም የሚያውቀው ይበልጣል። ጥለትን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ፦ የጥለቱን ቀለም በረጠበ ነጭ ጨርቅ ፈተግ አድርጉት። ከለቀቀ ጋቢውን ሁሉ ያበላሻል።

ዋጋውም ራሱ ይናገራል። አንድ ሸማኔ በቀናት የሚጨርሰውን ማግ ፈታይ በሳምንታት ነው የምታወጣው፤ ስለዚህ የእውነተኛ ጋቢ ዋጋ ብዙው የእሷ ድካም ነው። ገበያ ስትገቡ መጀመሪያ ፈትል የሚሸጡ ሴቶች ዘንድ ሄዳችሁ የዕለቱን ዋጋ ጠይቁ፣ ከዚያ የሸማኔውን የእጅ ዋጋ። ሁለቱን ደምሩ። የቀረበላችሁ ጋቢ ከድምሩ በታች የሚሸጥ ከሆነ ነጋዴው ቢምልም ማጉ የእጅ ፈትል አይደለም።