ከሒስ በፊት ወንበር

ስለ ሙዚቃ የሚጻፉ ሒሶች አንድ ነገር ይረሳሉ፤ ክፍሉን። የሙላቱ አስታጥቄን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» (1972 እ.ኤ.አ.) ሰምቶ «ባሱ ቫይብራፎኑን ዋጠው» ብሎ የሚፈርድ ተቺ አይጠፋም። ማን ነው የዋጠው? ማጉያው ጥግ ተወሽቆ ከሆነ፣ ዋጩ ግድግዳው ነው። ጥግ ወፍራሙን ድምፅ ያጎላል፤ ባዶ ግድግዳና ሊሾ ደግሞ ቀጭኑን እየመለሱ ያምታታሉ።

መላው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለቱን ማጉያዎች ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ማራቅ፣ በመካከላቸው ሁለት ሜትር መተው፣ ከእያንዳንዳቸውም ሁለት ሜትር ርቆ መቀመጥ፤ ከፍታቸውን ከጆሮ ጋር ማስተካከል። በግራና በቀኝ ግድግዳ ጋቢ ወይም ወፍራም መጋረጃ፣ ከኋላ የመጻሕፍት መደርደሪያ። ቅጂው ስቴሪዮ ከሆነ፣ መሣሪያዎቹ ያን ጊዜ በየቦታቸው ይቆማሉ።

«ሙዚቃ የሚሰማው በልብ ነው» የሚሉን አሉ። ይሁን! ግን ልብም የሚሰማው ጆሮ ያቀበለውን ነው። ግማሹ ፊደል በጠፋ የማባዣ ወረቀት ላይ ግጥም አንብቦ ገጣሚውን የሚከስ የለም። ሙዚቀኛውንስ ይህን ፍትሕ ለምን እንነፍገዋለን? ወንበሩን ያላስተካከለ ሃያሲ የሚጽፈው ስለ ሙላቱ ሳይሆን ስለ ገዛ ክፍሉ ነው።